የታጣፊ ምላጭ እጀታና የተዛነፉ ሁለት ቀዳዳዎች

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ምን አለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ ያለፈ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የመዶሻውን ድምፅ ነው። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ ሰብስበው ያመጡት አሮጌ ብረት በዚያ ይዘረገፋል፤ ያገለገለ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ላሜራ ተጠፍጥፎ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል፤ ከአንድ ማሽን የወጣ ብሎን ለሌላ ማሽን ይፈለጋል። የስፍራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?»። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ግን እንደ በርሜል ጎልቶ የሚታይ አይደለም። ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ስህተቱም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙም የማይዘል የቀዳዳ ነገር ነው።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ታጣፊ ምላጩን ይዞ በእንዲህ ያለ ስፍራ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ቀረበ እንበል። «ጋሼ፣ ይኼ ምላጭ ሲታጠፍ ስለቱ የእጀታውን ጎን እየነካ ተቸገርኩ፤ እስቲ ይዩልኝ» ይላል። ባለሙያው ምላጩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ወደ ብርሃን አቅንተው በአንድ ዓይናቸው ያያሉ። እጀታው አልተሰነጠቀም፤ ችንካሩም አልላላም። ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? መሣሪያው ከመፈታቱ በፊት በጥቂት ጂኦሜትሪ ብቻ ወደ ትክክለኛው ቦታ መድረስ እንደሚቻል፣ ጥገናውም በምን መሠረተ ሐሳብ ላይ እንደሚቆም ቀጥለን እንመለከታለን።

ታጣፊ ምላጭ ስንል ሁለት ዓይነት መሣሪያዎችን ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ስለቱና አንገቱ ከአንድ ብረት የተሠሩ፣ በሞረድ ድንጋይና በቆዳ እየተሳለ ለዓመታት የሚያገለግለው የጥንቱ ምላጭ ነው። ሁለተኛው ቅርጹ ከመጀመሪያው ያልተለየ፣ ነገር ግን የራሱ ስለት የሌለው፣ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ የሚገባበት መያዣ ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ለተለዋጭ ምላጭ የፈጠራ መብት ካገኘበት ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥንቱ ምላጭ በብዙ አገሮች ቀስ በቀስ ከቤት ወጥቶ በፀጉር አስተካካዮች እጅ ብቻ ቀርቷል። በአገራችን ደግሞ የኤች አይ ቪ መኖር በ1976 ዓ.ም. ከታወቀና የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከተመዘገቡ ወዲህ ስለት ያላቸውን ዕቃዎች በጋራ ያለመጠቀም ትምህርት በሰፊው ስለተሰጠ፣ ዛሬ በከተማችን ፀጉር ቤቶች በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ይህ ለውጥ የቀዳዳውን ነገር አላስቀረውም። ግማሹ ምላጭ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይለወጣል፤ መታጠፊያው ግን አይለወጥም። ስለቱ ሲታጠፍ እጀታውን የሚነካ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ስለቱ ይሸረፋል፤ የተሸረፈ ስለት ደግሞ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ቆዳውን ይቦጭቃል። እጀታውም በስለቱ እየተፋቀ ውስጡ ሸካራ ይሆናል፤ በዚያ ፍቅፋቂ ውስጥ ሳሙናና ደም ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለውን ጥግ በአልኮል ጨርቅ መወልወል ብቻውን አያጸዳውም። ዝንፈቱ ሲብስ ስለቱ ከእጀታው ጠርዝ ውጪ ያፈነግጥና «ተዘግቷል» ብሎ የጨበጠውን ሰው ጣት ይቆርጣል። እንግዲህ የአንድ ቀዳዳ መዛነፍ የጥራት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

የመሣሪያው አካላት

እጀታው ሲከፈት መያዣ፣ ሲዘጋ ሰገባ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ስስ ጎኖች አሉት። በአንደኛው ጫፍ በጎኖቹ መካከል ትንሽ ሽብልቅ ገብቶ በችንካር ይያዛል፤ በሌላኛው ጫፍ የምላጩ አንገት በመካከላቸው ይገባና ሦስቱ፣ ማለትም ግራ ጎን፣ አንገትና ቀኝ ጎን፣ በአንድ የናስ ችንካር ይያያዛሉ። ባለሙያዎች ይህን ችንካር ሪቬት ይሉታል። ሁለቱም ጫፎቹ ትንንሽ ሮንዴላ ከገባባቸው በኋላ በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ። (ሮንዴላ፣ ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ትራፓን የሚሉት ቃላት መነሻቸው ጣልያንኛ ነው። የመርካቶም ስም እንዲሁ፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ሲዛወር አብሮ የመጣ ስም ነው።) ምላጩ የሚዞረው በሪቬቱ ላይ ስለሆነ ሪቬቱ የመሣሪያው ዛቢያ ነው።

ለስሌታችን መነሻ እንዲሆኑን የተወሰኑ ልኮችን እንያዝ። ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይለያያሉ፤ ሆኖም ከእውነታው የራቁ አይደሉም። የእያንዳንዱ ጎን ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የአንገቱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር፣ የሪቬቱ ዲያሜትር 1.6 ሚሊ ሜትር (የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ መሆኑ ነው)፣ ከሪቬቱ እስከ ምላጩ ጫፍ ያለው ርዝመት 120 ሚሊ ሜትር፣ የምላጩ ወርድ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከግራው ጎን ውፍረት እኩሌታ እስከ ቀኙ ጎን ውፍረት እኩሌታ ብንለካ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 7.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ትንሹ ስህተት የሚገዝፍበት መንገድ

ሁለት ነጥቦች አንድ ቀጥተኛ መስመር ይወስናሉ። በእጀታው ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎችም የዛቢያውን አቅጣጫ ይወስናሉ። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ከተያዩ ዛቢያው ለእጀታው መካከለኛ ጠለል ቀጤ ነክ ይሆናል፤ ምላጩም በዚያው ጠለል ላይ ይዞራል፤ ሲዘጋም በሁለቱ ጎኖች መካከል ይገባል። አንደኛው ቀዳዳ ከሌላው ጥቂት ወደ ፊት ቀድሞ ከተበሳ ግን ዛቢያው ያዘነብላል፤ ምላጩ ለዛቢያው ቀጤ ነክ እንደሆነ ስለሚቀር እርሱም አብሮ ያዘነብላል። የሁለቱን ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ብንጠቀም የሚከተለውን እናገኛለን፤

የጫፍ ዝንፈት = የቀዳዳዎቹ ልዩነት × (ከሪቬት እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ÷ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት)

በእኛ ልኮች 120 ÷ 7.5 = 16 ነው። ይህ ማለት በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በምላጩ ጫፍ ላይ 16 ጊዜ ተባዝቶ ይታያል ማለት ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወፈር ያለ የአንድ ፀጉር ዘለላ ያህል ልዩነት፣ ጫፉን 1.6 ሚሊ ሜትር ያዛንፈዋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ምላጩ ሲታጠፍ በግራና በቀኝ የሚኖረው ክፍት ቦታ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ስለቱ ጎኑን ከመንካት የሚያድነው ነገር የለም።

ከቤታችን በር ጋር እናነጻጽረው። የአንድ በር ሁለት ማጠፊያዎች በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑና የበሩ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያው የ0.3 ሚሊ ሜትር ስህተት በበሩ ጠርዝ ላይ 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። አናጺው በዚህ ስህተት እንቅልፍ አያጣም። በበሩ ላይ የማጠፊያዎቹ መራራቅ ስህተቱን ያሳንሰዋል፤ በምላጩ ላይ የቀዳዳዎቹ መቀራረብ ያገዝፈዋል። ሁለቱም በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ ናቸው።

የልዩነቱ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ከላይ የተናገርነው አንደኛው ቀዳዳ በእጀታው ርዝመት አቅጣጫ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ስለሚሆነው ነው። ልዩነቱ በእጀታው ወርድ አቅጣጫ፣ ማለትም አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ የተዘጋው ምላጭ ጫፍ ወደ ጎን አይሄድም፤ ምላጩ በራሱ ርዝመት ዙሪያ ጥቂት ይጋደማል እንጂ። ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ0.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለቱን 0.64 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሊታለፍ የሚችል ነው። ስለዚህ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ትጋቱን ሁሉ በርዝመቱ አቅጣጫ ላይ ቢያደርግ ያዋጣዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ሁለቱም ቀዳዳዎች በአንድነት ከታሰበላቸው ቦታ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢበሱ ምን ይሆናል? ምላጩ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሌላ ምንም አይሆንም። ማንም ሰው ልብ ሳይለው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የአንዱ ብቻ የ0.3 ሚሊ ሜትር ስህተት ግን መሣሪያውን ከአገልግሎት ያስወጣዋል። እንግዲህ ክፉው ስህተት ሁለቱ ቀዳዳዎች የማይጋሩት ነው፤ የሚጋሩት ስህተት ግን ከሞላ ጎደል ምንም ጉዳት የለውም። ከዚህ በታች የምንገልጸው ጥገና በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ቀዳዳዎቹን በፍጹም ትክክለኛ ቦታ ማዋል ሳይሆን ስህተታቸውን የጋራ ማድረግ ነው።

ጥፋቱ የእጀታው ነው ወይስ የምላጩ?

ስለቱ ጎኑን የነካ ሁሉ የእጀታው ቀዳዳ ተዛንፏል ማለት አይደለም። ምላጩ ራሱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። በአንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ተንጋዶ ተበስቶም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይለይ ወደ መሰርሰሪያ የሚሮጥ ሰው ደህናውን እጀታ ያበላሻል። ደግነቱ መሣሪያው ራሱ መልሱን ይነግረናል፤ መጠየቅ ግን ማወቅ አለብን።

በመጀመሪያ ግማሹን ምላጭ እናውጣ፤ የጥንቱ ዓይነት ከሆነም ስለቱን በፕላስተር እንሸፍን። ከዚያ በእጀታው መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረን እጀታው ራሱ አለመጉበጡን እናረጋግጥ፤ የጎበጠ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ያሳስታልና። ከዚህ በኋላ ምላጩን ዘግተን ጫፉ ከክሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ እንለካ። ቀጥሎም ምላጩን 180 ዲግሪ ከፍተን፣ ክሩን በዚያው መስመር አስረዝመን፣ እንደገና እንለካ። ግራ የምንለው ሁልጊዜ የእጀታውን ግራ ጎን ነው፤ ምላጩ ሲገለበጥ የምላጩን ግራና ቀኝ ተከትለን እንዳንሳሳት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጥፋቱ የእጀታው ከሆነ፣ ማለት ዛቢያው አዘንብሎ ከሆነ፣ ምላጩ ሲዘጋ ወደ ግራ ያደላ ጫፍ ሲከፈት ወደ ቀኝ ያደላል። ምክንያቱም ያዘነበለ ጠለል በዛቢያው በአንድ ወገን ከፍ ካለ በተቃራኒው ወገን የግድ ዝቅ ይላል። ጥፋቱ የምላጩ ከሆነ ግን፣ ጎብጦም ይሁን የአንገቱ ቀዳዳ ተንጋዶ፣ ጫፉ ሲዘጋም ሲከፈትም ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ጉብጠቱን ይዞት ይዞራልና። ሁለቱ ጥፋቶች በአንድነት ሲገኙ ደግሞ በቀላሉ ይለያያሉ። ወደ ግራ ያለውን በመደመር ምልክት፣ ወደ ቀኝ ያለውን በመቀነስ ምልክት ብንጽፍ፣ ምላጩ ተዘግቶ የተለካውን ሀ፣ ተከፍቶ የተለካውን ለ ብንል፤

የእጀታው ድርሻ = (ሀ − ለ) ÷ 2

የምላጩ ድርሻ = (ሀ + ለ) ÷ 2

ለምሳሌ ያህል ተዘግቶ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ፣ ተከፍቶ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ቢገኝ፣ ሀ = 3፣ ለ = −1 ይሆናል። የእጀታው ድርሻ 2 ሚሊ ሜትር፣ የምላጩ ድርሻ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእጀታውን ድርሻ ለ16 ስናካፍል የቀዳዳዎቹን ልዩነት እናገኛለን፤ 0.125 ሚሊ ሜትር። በዚህ መሣሪያ ላይ ቀዳዳዎቹ ምንም ያህል በትክክል እንደገና ቢበሱ የ1 ሚሊ ሜትሩ ዝንፈት እንደማይለቅ ከወዲሁ እናውቃለን፤ ደንበኛውም ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ምላጩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ሦስተኛ መረጃ ይሰጠናል። ከእርሱ ላይ የምላጩን ድርሻ ብንቀንስ የሚቀረው በእጀታው ወርድ አቅጣጫ ካለው የቀዳዳ ልዩነት የመጣ ነው። የትሪጎኖሜትሪ ትምህርት የጀመሩ አንባብያን ነገሩን ከወዲሁ ሳይረዱት አይቀሩም፤ የጫፉ ዝንፈት የአንድ ቋሚ ቁጥር፣ የአንድ ኮሳይንና የአንድ ሳይን ድምር ነው፤ ሦስቱን የማይታወቁ ቁጥሮች ለማግኘት ሦስት ልኬቶች ይበቃሉ።

ይህን ያለ ምላጭ በጠረጴዛ ላይ መሞከር ይቻላል። አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ላጲስ ግራና ቀኝ ሁለት የካርቶን ቁራጮች እናድርግ፤ ቀጥ ያለ መርፌ ሦስቱን ወግቶ ይለፍ፤ በላጲሱ ጠርዝ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስንደዶ እንትከል። ላጲሱን ስናዞር ስንደዶው በካርቶኖቹ መካከል ይዞራል። ከዚያ በአንዱ ካርቶን ላይ ቀዳዳውን አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አዛውረን እንደገና እናዙር። የስንደዶው ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሲሄድ፣ በተቃራኒው በኩል ሲዞር ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሌላው ወገን ሲመለስ ይታያል።

የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ግን ያለ ክርና ያለ ቀመር፣ ከፍቶ በመዝጋት ብቻ እዚህ መድረሳቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ዓይናቸው የሚያደርገው ያንኑ መደመርና መቀነስ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የባለሙያውን ዕውቀት በመማሪያ ክፍላችን እንደ ዕውቀት መቁጠር ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

ቀዳዳውን ማስፋት መፍትሔ ነውን?

በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የተዛነፈውን ቀዳዳ በቀጭን ሞረድ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ማስፋት ነው። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ሪቬቱ በጥብቅ እስከተመታ ድረስ ለጊዜው ይሠራል። ይሁን እንጂ ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ሪቬቱን የሚደግፈው የቀዳዳው ግድግዳ ሳይሆን የሮንዴላዎቹ ሰበቃ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ምላጩ በቀን ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰበቃው ይሸነፋል፤ ሪቬቱ በተሰፋው ቦታ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቦታው ይንሸራተታል። በተጨማሪም ትርፍ ክፍተቱ የውሃና የሳሙና ማጠራቀሚያ ይሆናል። ናስና ብረት ተነካክተው ጨው ባለበት እርጥበት ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ትንሽ ባትሪ ስለሚሠሩ ቶሎ የሚዛገው ብረቱ፣ ማለትም የምላጩ አንገት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ከአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ አዲስ መብሳት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ይመስለናል። የመሰርሰሪያው ሹል ወደ ባዶው ቦታ ስለሚሳብ አዲሱ ቀዳዳ ወደ አሮጌው ይንሸራተታል። ቢሳካም በሁለቱ መካከል የሚቀረው ስስ ግድግዳ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመናዊው ኪርሽ እንዳሳየው በሚወጠር ሰፊ ዝርግ አካል ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ በጠርዙ ላይ ያለውን ውጥረት ቀዳዳው ከሌለበት ቦታ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ የቀዳዳው ስፋት ማነስ ከዚህ አያድነውም። የእጀታ ስንጥቅ ዘወትር ከሪቬት ቀዳዳ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሁለት ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ሲገኙ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ጥገናው

ትክክለኛው መንገድ አሮጌውን ቀዳዳ መድፈንና ሁለቱን ጎኖች ደራርቦ በአንድ ጊዜ እንደገና መብሳት ነው።

ሪቬቱን ለማውጣት የተጠፈጠፈውን ራስ በሞረድ እስከ ሮንዴላው ድረስ መሞረድ፣ ከዚያም ቀጭን ሹል ይዞ በቀስታ መግፋት ያስፈልጋል። ራሱ ሳይሞረድ ሪቬቱን በመዶሻ መትቶ ለማስወጣት መሞከር ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል። ሁለቱ ጎኖች በሽብልቁ በኩልም ከተለያዩ በኋላ፣ ፊት ለፊት ተገጣጥመው በሽብልቁ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሽቦ ይለፍባቸው። አሁን የመታጠፊያውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጎ ማየት ነው። ቀዳዳዎቹ ትክክል ከሆኑ ሙሉ ክብ ብርሃን ይታያል። ከተዛነፉ ብርሃኑ የምስር ፍሬ ቅርጽ ይይዛል፤ የጎደለበትም አቅጣጫ በስሌት ያገኘነውን ያረጋግጥልናል።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው እንደ እጀታው ዓይነት ይለያያል። ቀንድ ከሆነ መድፈኛው ከቀንድ፣ እንጨት ከሆነ ከዚያው እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ በእርጥበትና በሙቀት አንድ ዓይነት ሆነው ይነፋሉ፣ ይሸበሸባሉና። ቀንድ በአገራችን ዋንጫ ሲሠራበት የኖረ ነው። ከፀጉርና ከጥፍር ጋር አንድ ከሆነ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝም በተሰጠው ቅርጽ ይጸናል። በመጠኑ የጎበጠ የቀንድ እጀታ በዚህ መንገድ ይቃናል፤ እርጥብ ሆኖ ግን መበሳት የለበትም፤ ሲደርቅ ቀዳዳው ቦታውን ይለቃልና። በጥንት ምላጮች ላይ የሚገኘው ሴሉሎይድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር የተሠራ በመሆኑ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ሲሞረድ የካምፎር ሽታ ከሸተተ ብየዳ ከሚሠራበት፣ ከሲጋራና ከፍም ማራቅ፣ መሰርሰሪያውንም በዝግታ ማዞር የግድ ነው።

መድፈኛው በቀዳዳው ልክ ተሞርዶ በኢፖክሲ ሙጫ ይገባል። ሙጫው አንድ ቀን ሙሉ ይተው። ሲጠነክር ከሁለቱም ወገን ከጎኑ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የተዛነፈው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቢሆንም ሁለቱንም መድፈን እንመክራለን፤ ደህና የተባለው ቀዳዳ ራሱ ተንጋዶ ሊሆን ይችላልና። ደህናው ቀዳዳ በእርግጥ ቀጥ ያለ መሆኑ ከታወቀ ግን እርሱን እንደ መሪ አድርጎ የተደፈነውን ብቻ በእርሱ በኩል መብሳት ይቻላል።

ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች እንደገና ተገጣጥመው፣ በሽብልቁ ቀዳዳ ሽቦ አልፎባቸው፣ ከበታቻቸው የእንጨት ቁራጭ ተደርጎ በሞርሳ ይያዛሉ። እንጨቱ መሰርሰሪያው በሚወጣበት በኩል ቀዳዳው እንዳይቦደስ ይደግፋል። የሚበሳበት ቦታ በሹል ከተመለከተ በኋላ በመጀመሪያ በቀጭን፣ ቀጥሎ በ1.6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለቱም ጎኖች በአንድ ምት ይበሳሉ። በእግሩ የቆመ ትራፓን ካለ መልካም ነው። በእጅ ትራፓን የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን ሁለት ዲግሪ ቢያንጋድደውስ? ጎኖቹ ተነካክተው ውፍረታቸው በአንድነት 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በመካከላቸው የሚፈጠረው ልዩነት የሚለካው በ2.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ የሁለት ዲግሪ ታንጀንት 0.035 ያህል ስለሆነ ልዩነቱ 0.09 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጎኖቹ ተራርቀው ለየብቻ ቢበሱ ይህን ያህል ትክክለኛነት በእጅ ማግኘት ዘበት ነው። ሆኖም 0.09 በ16 ሲባዛ 1.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ አይዘንጋ፤ ስለዚህ ከትራፓኑ ጎን ማዕዘን መለኪያ ማቆም ወይም አንድ ሰው ከጎን ሆኖ እንዲያይ ማድረግ ዋጋ አለው።

ቀዳዳው ሳይዛነፍ በማርጀት ብቻ የሰፋ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ቀዳዳው በጥቂቱ እንዲሰፋና ክብ እንዲሆን ተደርጎ፣ ውስጡ ለሪቬቱ የሚበቃ ቀጭን የናስ ቱቦ በሙጫ ይገባበታል። ቱቦው በቀንዱ ላይ የሚያርፈውን ጫና በሰፊ ገጽ ላይ ስለሚያከፋፍል ዕድሜው ይረዝማል። በአንገቱ ቀዳዳ ላይም ይኸው ይሠራል።

ሪቬቱን መምታት

ሁሉም በትክክል ከተበሳ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ተገጣጥሞ አዲስ የናስ ሽቦ ይገባል፤ ከሮንዴላው በላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይተርፍለታል። ብዙ ከተረፈ ሽቦው ከመጠፍጠፍ ይልቅ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ሪቬት ደግሞ የተዛነፈ ዛቢያ ስለሆነ የደከምንበትን ሁሉ ይመልሰዋል። በትንሽ መዶሻ፣ በብዙ ቀላል ምቶች፣ በሽቦው ዙሪያ እየዞሩ መምታት ይገባል። ናስ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ጥቂት ምቶች ከተመታ በኋላ እንደ መጀመሪያው አይታዘዝም። መሣሪያውን እያገላበጡ ሁለቱን ራሶች በእኩል መምታት ይመረጣል።

በየጥቂት ምቱ ምላጩን መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል። በራሱ ክብደት የሚወድቅ ከሆነ ገና ላልቷል፤ በሁለት ጣት ሲገፋ እየተጎተተ ከሄደና በተተወበት ከቆመ በቂ ነው። ከዚያ የሲጋራ ወረቀት ያህል የሳሳ ወረቀት በምላጩና በግራው ጎን መካከል ይገባና ከመታጠፊያው እስከ ጫፉ ይሳባል፤ በቀኙም ጎን እንዲሁ። በሁለቱም በኩል ሳይያዝና ሳይቀደድ ከወጣ ግማሹ ምላጭ ይመለስና መሣሪያው ለባለቤቱ ይሰጣል። በአንድ ወገን ከተያዘ ግን መዶሻውን አስቀምጦ ክሩን እንደገና መወጠር፣ ሀ እና ለ የሚባሉትን ሁለቱን ቁጥሮች እንደገና መለካት ነው።